የከይረዲን ቤት

ለሩቅያ ያመጣሁት ነጠላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነበር። አባቴ አንዴ ነጠላውን፣ አንዴ የሚኒባሱን መስኮት ያያል። ጅቡቲ ከገባን ሁለተኛ ቀናችን ነው።

«በታክሲ ብንሄድስ?» አለ። «ሙቀቱ አይቻልም።»

«ከተማ የሚታወቀው በአውቶቡስ ነው አባዬ። ደግሞ አንተ እያለህልኝ ታክሲ ምን ያደርግልኛል? እንደ ኪስህ የምታውቀው አገር።»

አባቴ ቸሩ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አሰብ ተዘግቶ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ከዞረ ጀምሮ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በዚህ መንገድ ተመላልሷል። በእድር ድንኳን፣ በሰርግ፣ በክርስትና፣ ስለ ጅቡቲ የሚያወራው እሱ ነው። ሰው ደጋግሞ የሚያስነግረው ግን የከይረዲንን ቤት ወሬ ነው። እናቴ ትሁን ስትሞት አባቴ አልነበረም። የመጣው ከአርባዋ በኋላ ነው። ወባ ጥሎት ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር፣ ወዳጁ ከይረዲን ቤት ራሱን ስቶ እንደከረመ፣ የከይረዲን ሚስት ሩቅያ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን እያበሰች እንዳተረፈችው ነገረን። በሩ ሰማያዊ ነው። ደጁ ላይ ኒም ዛፍ አለ። ሌሊት በመስኮቱ የባሕሩ ድምፅ ይሰማል።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። ማታ ማታ ስጸልይ ሩቅያንም እጠራት ነበር። ቤልጅግ ተምሬ አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ግን አንድም ነገር አላረጋጋኝም። ሥራ ቀየርኩ፣ ቤት ቀየርኩ። በመጨረሻ ይህን ወሬ አንስቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ስትሞት አባቴ ታሞ ነበር ወይስ አልነበረም? ትንሣኤ ለት ጎረቤት በተሰበሰበበት «አባዬን ጅቡቲ እወስደዋለሁ፣ ሩቅያን እናመሰግናታለን» አልኩ። ሰፈሩ ቆሞ መረቀኝ። አባቴ እምቢ የሚልበት ቀዳዳ አልነበረውም።

ሚኒባሱን የያዝነው ከሐሙዲ መስጊድ ፊት ለፊት ነው። ወደ ካርቲየ 6 የሚሄደው የቱ እንደሆነ አባቴን ስጠይቀው «ሁሉም ይሄዳል» ብሎ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። ፈረንሳይኛ ስለምችል ረዳቱን ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅኩትም። ሚኒባሱ ጋቦዴ ወደሚባል ሌላ ሰፈር ወሰደን። አባቴ በየፎቁ ላይ የተሰጣውን ልብስ በመስኮት ያይ ጀመር።

«ደርሰናል?»

«ተለውጧል። ያኔ ይሄ ሁሉ ፎቅ የለም።»

«ታዲያ እንውረድ?»

«ወራጅ አለ» ብሎ ጮኸ፣ ልክ እንደ አዲስ አበባ ታክሲ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ሚኒባሱ መንገዱን ቀጠለ። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት እየሳቀች በያዘችው ሳንቲም የመስኮቱን ብረት ኳ ኳ አደረገችው፤ ሹፌሩ ቆመ።

«ሶማሊኛው የት ገባ?» አልኩት ስንወርድ። «እንደ ውሃ ነው የምናገረው ትል አልነበር?»

«ሰው ሲያረጅ ይረሳል።»

በሁለተኛው ሚኒባስ ካርቲየ 6ን እኔው ጠይቄ አገኘሁት። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የተደገፈበት፣ በየበሩ ሱቅ የተከፈተበት ጠባብ መንገድ ነው። ሰማያዊ በር ሞልቷል። አባቴ አንዱን አልፎ አንዱን እያየ ሄደና ዛፍ ካለበት ደጅ ቆመ። ምርጫው ዛፉ ብቻ መሆኑ ያስታውቃል።

«ይሄ ነው?»

«ይመስለኛል።»

«አንኳኳ ታዲያ።»

እጁን አነሳ፣ መልሶ አወረደው። እኔ አንኳኳሁ። የከፈተችልን ዙሌይካ የምትባል ደንዳና ሴትዮ ናት። በፈረንሳይኛ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ወባውን፣ እርጥቡን ጨርቅ፣ ነጠላውን ሳይቀር። ደስ አላት። ጎረቤቶቿን ጠራች። ተመካከሩ። ከይረዲን አንድ አለ፤ ገና ሚስት ያላገባ ልብስ ሰፊ ነው። ሩቅያ የምትባልም አለች፤ ትናንሽ ልጆቿን ትምህርት ቤት ልታደርስ ሄዳለች። እሷ ትሆን እንዴ ብለው አባቴን አዩት፣ በዕድሜው ሳቁ። የሚሉትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩለት።

«ባሕሩስ ከዚህ ይሰማል ወይ ብዬ ልጠይቃት?»

«ተይ ሰብሊ።»

ጠየቅኳት። «እዚህ የሚሰማው የጎረቤት ራዲዮና የባልና ሚስት ጠብ ነው» አለች። ይህንንም ተረጎምኩለት። ዙሌይካ ውሃ አመጣችለትና ቆማ አስጠጣችው። ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«አይዞህ፣ እናገኘዋለን» አልኩት። «ሌላ አውቶቡስ እንሞክር።»

ሦስተኛው ሚኒባስ ወደ ወደቡ ከሚያስገባው ሰፊ መንገድ ላይ ሲወጣ አባቴ ቀና አለ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ከኋላችን የሚያጓራውን ተሳቢ አየ።

«ይሄን አውቀዋለሁ። በዚህ ገብተህ ትጭናለህ፣ በዚያ ዞረህ ወደ ፒኬ ዱዝ ትወጣለህ። የእኛ መኪኖች ወረፋ የሚይዙት እዚያ ነው።»

«እንግዲያው እዚያ እንሂድ።»

ፊቱ ወዲያው ተዘጋ። «ምን አለ እዚያ? አቧራ ነው።»

«የሚያውቅህ ሰው አይጠፋም።»

«ሰብሊ፣ ደክሞኛል።»

ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ፒኬ ዱዝ። የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፉ መኪኖች አፍንጫና ጅራት ገጥመው ተሰልፈዋል። ሹፌሮቹ ተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተጋድመዋል። አባቴ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ከኋላዬ ይከተላል። ከአንድ የቆርቆሮ ሻይ ቤት ድምፅ ወጣ።

«ቸሩ ተራዬ! በእግዚአብሔር፣ አልሞትክም?»

ገበያነሽ ትባላለች። አሮጊት ናት፤ ጅቡቲ ስትኖር ብዙ ዘመኗ ነው። አባቴን አገላብጣ ሳመችው፣ እኔን ሳመችኝ፣ ሻይ ቀዳች። ቀኑን ሙሉ ስንዞር በስሙ የጠራው የመጀመሪያ ሰው እሷ ነች። እሱ ግን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ።

«ተራዬ ለምን ተባለ?» አልኳት።

«አልነገረሽም? እዚህ ኑሮው ወረፋ ነው የኔ ልጅ። ከሰልፍ የወጣ መኪና ከጭራ ነው የሚጀምረው። አባትሽ ደግሞ ሰልፍ ከያዘ ሽንት ቤት እንኳ ሲሄድ እየሮጠ ነው።»

ጥግ የተቀመጡት ሹፌሮች ሳቁ።

«እትዬ ገበያነሽ፣ ተይው አሁን» አለ አባቴ።

«ምን እተዋለሁ፣ ያለፈ ነገር ነው። ሚስቱ ታማለች፣ በቶሎ ይድረስ ተብሎ ስልክ መጣ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ይሄይስ የሚባል ጓደኛው ጭኖ፣ ሞተር አስነስቶ ሊወጣ ነው። በሱ ሂድ አልነው፣ መኪናህን እኛ እናስጠጋልሃለን አልነው። ‹ተራዬ ደርሷል፣ ጭኜ እሄዳለሁ› አለ። የት ይደርሳል፣ ወደቡ ተጨናንቋል። ቆይቶ ሞተች ተባለ። ‹እንግዲህ ከሞተች ምን ያስቸኩላል› አለና ቁጭ። እስኪጭን ድረስ እዚሁ ካርታ ይጫወት ነበር። ከዚያ ወዲህ ተራዬ አልነው።»

«ወባ ይዞት ነበር?»

«ማን፣ ቸሩን? ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም።» ከዚያ ፊቴን አየችና ማንኪያውን አስቀመጠች። «የማንኛዋ ሚስቱ ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የሟቿ።»

ሹፌሮቹ ሳቃቸውን አቆሙ። አባቴ የሻይ ብርጭቆውን በጣቱ እያዞረ «መኪናው የሰው ነበር» አለ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ አድርጎ፣ «ሰፈር ግን አታወሪውም አይደል?» አለኝ።

እናቴን እስኪያነሳ ጠበቅሁ። አላነሳትም።

ነጠላውን ለገበያነሽ ሰጠኋት። አልቀበልም አለች፤ ጠረጴዛው ላይ ትቼላት ተነሳሁ። «ቶሎ ሂዱ» አለችን ወደ መሬት እያየች። «ጫት ከገባ ሹፌሩ ሁሉ ይጋደማል፣ እስከ ማታ አውቶቡስ አታገኙም።»

መንገዱ ዳር አንድ ሚኒባስ ሊወጣ ሲል ደረስን። ረዳቱ አንድ ጣቱን አሳየን፤ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው። አባቴ የበሩን ብረት ያዘ። በብብቱ ሥር አልፌ ገባሁና ተቀመጥኩ።

«ሰብሊ» አለ፣ «የሆቴሉን ስም እኮ አላውቀውም።»

«ሰልፍ ይዘህ ጠብቅ አባዬ።»

ረዳቱ እጁን ከብረቱ ላይ አላቀቀለትና በሩን ሳበው። በኋለኛው መስታወት አየሁት፤ ፀሐዩ ላይ፣ ሚኒባሱ ቆሞበት በነበረው ቦታ ቆሟል። ከኋላው ሁለት ሰዎች መጡ። እጁን ዘርግቶ ወደ ኋላ ገፋ አደረጋቸው፤ ቀድሞ የመጣው እሱ እንደሆነ እያሳያቸው ነበር።