የባሊክሪን ወንበር

«የአባትህን ወንበር ትይዝ እንደሆን ከቀብሩ በፊት ነው መልስ የምፈልገው» አለ የባለርስቱ የሎርዱ ወኪል ሚስተር ፔቲግሩ፣ እርጥብ ካባውን ሳያወልቅ። «አሥራ ሁለቱም መራጮች እዚህ ለቅሶው ላይ ናቸው። ነገ ማን ይሰበስባቸዋል?»

ኤድመንድ ስቴፕልተን ካረፉ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። በለንደኑ ምክር ቤት የዚህችን የባሊክሪንን ከተማ ወንበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዘዋል፤ ወንበሩ ግን፣ መራጮቹ ሎርዱ ያለውን ስለሚመርጡ፣ የእሱ ነው፤ ቤቱም እንደዚያው።

«ኤድንበራ ሕክምና እንድማር ተቀብለውኛል» አለ ልጃቸው አምብሮዝ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እናትህስ የት ትገባለች? ቤቱ የሚሰጠው ወንበሩን ለያዘ ነው።»

መራጮቹ ሳሎን ውስጥ ቀዝቃዛ የበሬ ሥጋ በውስኪ እያወራረዱ ነበር።

«ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቃል አልተሳሳቱም» አለ ጫማ ሰፊው።

«ሳይናገሩ በምን ይሳሳቱ?» አለ ባለመጠጥ ቤቱ። ሳቃቸውን ወደ ሳል ለወጡት።

አምብሮዝ አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል ገባ። በአሥራ አራት ዓመቱ ከምክር ቤቱ ሰገነት ሆኖ አባቱን አይቷቸዋል። ስለ ካቶሊኮች መብት ክርክር ነበር። አባቱ ሊናገሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ፤ አፈ ጉባኤው ስማቸውን ጠራ፤ የሎርዱ ወንድም ዞር ብሎ አያቸው፤ ተቀመጡ። «ጉሮሮዬን አሞኝ ነው» አሉት በኋላ። ከዚያ ወዲህ ንቋቸው ኖረ።

«ምክር ቤቱ ውስጥ ሊናገሩት ተነሥተው የተዉትን ንግግር በቃሌ አውቀዋለሁ» አለች አስከሬኑን የምትጠብቀው አሮጊት ሞግዚቱ ሆኖራ። «ያን ክረምት ሙሉ ከበረቱ ኋላ ለላሞቹ ሲያሰሙት ከርመዋል። ስለ እኛ ስለ ካቶሊኮቹ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጡ?»

«እናትህ ያኔ ሳንባዋን ታማ የለ? ከዚህ ቤት ብትወጣ ክረምቱን አታልፈውም ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለማንም አልነገሩም። እኔም ላሞቹን ሳልብ ነው የሰማሁት።»

ከፎቅ የእናቱ ሳል ተሰማ። አምብሮዝ ወደ በሩ ሄዶ «እሺ ብሏል በላቸው» አለው ፔቲግሩን፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ።

ሳሎን ውስጥ አሥራ ሁለት ወንበሮች ወደ ኋላ ሲንፏቀቁ ሰማ። ቆመው እየጠበቁት ነው።

ወደ አባቱ ተመለሰ። አገጫቸው እንዳይወድቅ በነጭ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ጨርቁ ጉንጫቸውን ሰርስሮታል። ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ፈታ፤ በጨርቁና በጉንጫቸው መካከል አንድ ጣቱን አስገብቶ አላላው፤ ከዚያም ቀስ ብሎ መልሶ አሰረው።