ሰኞ ብቻ የሚከብድ ዝናብ

"ሰኞ፣ ይኼም ሰኞ፣ ይኸው ደግሞ ሰኞ!"

ተመራማሪዋ የታችኛው ሰፈር ትምህርት ቤት ዘበኛ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ዘበኛው የሚይዙትን የዝናብ መለኪያ መዝገብ ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ባሕር ማዶ ስምንት ዓመት ተምራ ከተመለሰች ገና ሰባት ወሯ ነው። ነገ ረፋድ የከተማው ምክር ቤት ፊት ቆማ፣ የዚሁ ሰፈር የጎርፍ ቦይ እንዲሰፋ ልታሳምን ነው። ማስረጃዋ፣ ከአምስት ዓመት ወዲህ ከባድ ዝናብ የጣለባቸው ቀናት በእጥፍ መጨመራቸውን የሚያሳይ አንድ ግራፍ ነው። የመጣችውም መዝገቡን ፎቶ አንስታ ለመሄድ ነበር። የጨመሩት ቀናት ግን ሁሉም ሰኞ ሆነው ቁጭ አሉ።

"አባባ፣ ቅዳሜና እሁድ ማነው የሚለካው?"

"ማንም!" አሉ ዘበኛው ኮራ ብለው። "ከአምስት ዓመት በፊት ዳይሬክተሯ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ 'እርስዎም ይረፉ' አለችኝ። ሰኞ ጠዋት የተጠራቀመውን ለክቼ እጽፋለሁ። ጠብታ አላጎደልኩም!"

"አላጎደሉም፤ የሦስቱን ቀን በአንድ ቀን ጻፉት እንጂ።"

"ውሃው ያው ውሃ አይደል እንዴ?"

ሳቋ አመለጣት። "ሰማዩ ጠባዩን ለወጠ ብዬ የጻፍኩት፣ ለካ የእርስዎን እረፍት ኖሯል!"

"እንኳንም ማረፌን አንድ ሰው አወቀልኝ! ባለቤቴ እንኳ 'አርፈህ አታውቅም' ነው የምትለኝ።"

ስልኳ ጠራ። የቢሮ ኃላፊዋ ናቸው።

"ግራፉ የታለ?"

"ተበላሽቷል ጋሼ። የሦስት ቀን ድምር ነው እንደ አንድ ቀን የተያዘው።"

ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከአንቺ ሌላ ማን ያውቃል?"

"ዘበኛው።"

"እሳቸው ምክር ቤት አይገቡም! ቦዩ ካልሰፋ ያ ሰፈር ዘንድሮ ይዋጣል። ላኪው በቃ።"

ስልኩ ተዘጋ። ስለ ሰፈሩ ኃላፊው ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል፤ የከነከናትም ይኸው ነው።

"አባባ፣ ጎርፉ ግን እውነት ብሷል?"

"ነይ ልጄ፣ ላሳይሽ።"

አንደኛ ክፍል ይዘዋት ገቡ። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተጫሩ መስመሮች አሉ፤ አጠገባቸው ቀን ተጽፏል። የመጀመሪያው ቁርጭምጭሚት ጋ ነው፤ የመጨረሻው ከጉልበት ያልፋል።

"ጎርፍ በገባ ቁጥር ውሃው የደረሰበትን እጭራለሁ፤ ዴስኮቹን ምን ያህል ከፍ አድርጌ እንደምደረድር ለማወቅ ነው። ይኼ ማክሰኞ፣ ይኼ ሐሙስ። አንድም ሰኞ የለበትም፣ እንዳትከሺኝ!"

ቀናቱን ከመዝገቡ ጋር አመሳከረች። በእነዚያ ቀናት የጣለው ዝናብ መጠን ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ ውሃው ግን ግድግዳውን እየወጣ ነው።

"ዝናቡ አልጨመረም እኮ! ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው?"

ዘበኛው በመስኮቱ ወደ ዳገቱ ጠቆሟት። "ያ ሁሉ ሣር ነበር። አሁን ሲሚንቶ ለብሷል። ውሃው ምን ይሁን? ወደኛ ይወርዳል!"

ተመራማሪዋ ዳገቱን ቆማ አየችው። ስለ ደመናው ስንት ገጽ ስትጽፍ፣ መሬቱን ዝቅ ብላ አላየችውም ነበር። ስልኳን አወጣችና ለኃላፊዋ ጻፈች፦ "ግራፉ ቀርቷል። በምትኩ አንድ ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ።"

ከዚያም ወደ ዘበኛው ዞረች።

"አባባ፣ ነገ ረፋድ ላይ ዳይሬክተሯን ባስፈቅድልዎት፣ ይኼንኑ ለምክር ቤቱ ይነግሩልኛል?"