ከሚልክሼክ በኋላ

ቅድስት የብሌንደሩን ክዳን በመዳፏ ተጭና ማብሪያውን ስትነካው የአፕል ፓዩ ቅርፊት መጀመሪያ ተንገጫገጨ፤ ቀጥሎ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ ድምፁ ለስለስ ብሎ አንድ ወጥ ሆነ። መድረሱን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ደሴ ከተማ ኬክ ቤት ስትሠራም ክሬም መመታቱን ዞር ብላ ሳታይ ታውቅ ነበር።

ቀረፋ ነሰነሰችበትና ረጅሙን ብርጭቆ ባሏ ፊት አስቀመጠች። አለልኝ ፍሪድሊ ከተማ ካለው የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ መግባቱ ነው፤ ባጁን እንኳ ከአንገቱ አላወለቀም።

"ትናንት የተረፈው ፓይ ነው። ከነቅርፊቱ ፈጨሁት። ቅመስ እስቲ።"

እስከ መጨረሻው ጠጣው።

"ጥሩ ነው" አለ።

"ቀረፋው አልበዛም?"

"ኧረ ጥሩ ነው።"

"ከማክሰኞው ችዝ ኬክና ከዚህ የቱ ይሻላል?"

"ሁለቱም ጥሩ ናቸው።"

ትንሽ ተቀመጠና ብድግ አለ። ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ፣ "እስቲ ዎክ ላድርግ" ብሎ ወጣ።

ከተጋቡ ዓመት ቢያልፋቸውም አብረው መኖር የጀመሩት ባለፈው ግንቦት፣ እሷ ሚኒሶታ ስትገባ ነው። ከዚያ በፊት የሚተዋወቁት ሠርጋቸው ሰሞን ባሳለፏቸው ጥቂት ሳምንታትና በስልክ ነበር። አለልኝ ደግ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም። ምን እንደሚወድ ግን እስካሁን ሊገባት አልቻለም። ወጡም ጥሩ ነው፤ የገዛችለት ሸሚዝም ጥሩ ነው። ኬክ ቤት መሥራቷን አስቦ ሜፕልዉድ ያለው የገበያ ማዕከል ድረስ ወስዶ ብሌንደሩን የገዛላት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ኬክና ዶናት ሁሉ ከአይስክሬምና ከወተት ጋር እየፈጨች አፉን ልታስፈታው ትሞክራለች። አንድ ቀን በሠራችው የቲራሚሱ ሚልክሼክ ውስጥ ቡናው በዝቶ እሷ ራሷ ግማሹን ደፋችው። እሱ ግን የራሱን ጨርሶ "ጥሩ ነው" አለ።

ማታ ማታ ዎክ እያለ መውጣቱን ደሴ ላለችው ታላቅ እህቷ ለእህተማርያም ደውላ አጫውታታለች።

"በየቀኑ ነው ዎክ የሚወጣው?" አለች እህቷ።

"ኧረ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ አይወጣም።"

"በጾም ቀን አይወጣም?"

"አዎ። ቁጭ ብሎ ኳስ ያያል።"

እህተማርያም ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው ሴትዮዋም ጾመኛ ናት ማለት ነዋ!"

ቅድስት ከት ብላ ሳቀች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ነገሩ ከነከናት።

ዛሬ በሩ እንደተዘጋ ብርጭቆውን ማጠቢያው ውስጥ ጥላ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። ውጪው ገና ብርሃን ነው፤ የዚህ አገር የበጋ ፀሐይ እራት ተበልቶም አትገባም። በመስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ስትመለከት መኪናው እንደቆመ ነው። የመንገዱ ዳር ባዶ ነው። በሩን ከፍታ ጆሮዋን ጣል ስታደርግ የአለልኝ ኮቴ በደረጃው ወደ ታች፣ ወደ ቤዝመንቱ ሲፈጥን ሰማች።

እዚያ ያለው የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ብቻ ነው። ላውንድሪ ክፍል ውስጥ ደግሞ የትኛዋ ሴት ቀጠሮ ትይዛለች? ቀስ ብላ ወረደች።

አንድ ማድረቂያ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንሶላ ያሽከረክራል። ሰው የለም። ከክፍሉ ጥግ አንዲት ጠባብ በር አለች፤ ሥሯ ብርሃን ይታያል። ቅድስት ማድረቂያውን ተደግፋ ጠበቀች። ብዙ ቆየ። የስልክ ወሬም፣ ሳቅም አልሰማችም። በመጨረሻ የሽንት ቤት ውኃ ሲለቀቅ ተሰማ፤ በሩ ተከፈተ፤ ባሏ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ ሆዱን በእጁ ይዞ ወጣ።

ተያዩ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም።"

"አለልኝ!"

መሬት መሬት አየ። "ወተት አይስማማኝም" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከልጅነቴ።"

ባዶ አድርጋ የጣለቻቸውን የአይስክሬም ካርቶኖች አሰበች። "ታዲያ ለምን ትጠጣለህ? አንተ ሰው፣ ልትሞትብኝ ነው?"

"አያመኝም ያን ያህል። ይነፋኛል፤ ከዚያ..." አለና በሩን በአገጩ አሳያት።

"ቤታችን ውስጥ ሽንት ቤት የለም?"

"ግድግዳው ስስ ነው። አፈርኩ።"

"እሺ፣ መድኃኒት የለውም?"

"ክኒን አለው። ግን ከብርጭቆው ጎን ክኒን ሳስቀምጥ ብታዪ ትጠይቂኛለሽ።"

"ብጠይቅህስ?"

ማድረቂያው ጮኾ ቆመ። አለልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከመጣሽ ጀምሮ ከልብሽ ስትስቂ ያየሁሽ ያ ብሌንደር የገባ ቀን ነው" አለ። "ወተት አልጠጣም ብልሽ መፍጨቱን የምትተዪው መሰለኝ።"

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ይልቁንስ ሳቅ ቀደማት። ሳቋን ሲያይ እሱም ሳቀ፤ ወዲያው ሆዱን ያዘና ወደ ጠባቧ በር ተመለሰ። ቅድስት ማድረቂያው አጠገብ ቆማ እስኪወጣ ጠበቀችው።

ቅዳሜ ጠዋት ግሮሰሪ ይዛው ሄደች። ከኮኮናት፣ ከአጃና ከለውዝ የተሠራውን ወተት እያነሣች እንደ ሐኪም ትጠይቀዋለች። ሙዝ ይወዳል? ይወዳል። ቸኮሌትስ? ብዙም። ይህን ሲናገር ሰረቅ አድርጎ ፊቷን አየ፤ ምንም አልሆነችም። ማንጎ? "ማንጎ እወዳለሁ። ልጣጩ ላይ የሚቀረውን" አለ፤ ሳይጠየቅ ይህን ያህል ስለ ራሱ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

ቤት ገብተው የኮኮናት ወተት፣ ሙዝና የዝንጅብል ብስኩት ፈጨች። አለልኝ ቆሞ ተጎነጨ። አሰበ። ደግሞ ተጎነጨ። ቅድስት አፉን አፉን ታያለች።

"ልንገርሽ?"

"ንገረኛ!"

"ሳሙና ሳሙና ይላል።"

ብርጭቆውን ተቀብላ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። "እውነትህን ነው! ኮኮናቱ ነው። በአጃው እንሞክረው።" ሚልክሼኩን ደፋችው። እንዲህ ደስ ብሏት የደፋችው ነገር የለም።

አለልኝ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "አንቺስ?" አለ።

"እኔ ምን?"

"አንቺስ የማይስማማሽ ነገር የለም?"

የለም ልትል አፏን ከፈተች። የአጃ ወተቱን ክዳን መክፈት ጀምራ ተወችው። እጇን በፎጣ ጠርጋ ሳትመልስለት ወደ መኝታ ቤት ገባች። አለልኝ ምን አስቀየምኳት ብሎ ተከትሏት ቢገባ፣ ትራሷን ከመስኮቱ በኩል አንሥታ የእሱ ቦታ፣ በሩ በኩል ስታደርግ አገኛት።

"የመስኮቱ ኤሲ ቅዝቃዜ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ነው የሚነፍሰው" አለችው። "ከመጣሁ ጀምሮ።"

አለልኝ ኤሲውን አየ፤ አልጋውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የስልክ ቻርጀሯን ከመስኮቱ ሥር ነቀለና በሩ በኩል ሰካላት።