ሩብ ላይ የቆመው ጌጅ

ደምሰው ነው የሺሀረግን ሌባ ያላት፣ መካኒኩ ደምሰው፣ የነዳጅ መጋዘን ጠባቂዋን፣ በስብሰባ፣ በአርባ ሰው ፊት፣ ያውም እየሳቀ፣ ቅዳሜ ላንድሮቨሩን ሞላሁ ብላ ፈረመች፣ ሰኞ የነዳጁ ጌጅ ሩብ አሳየ፣ መኪናው ከግቢ አልወጣ፣ ቤንዚኑ ታዲያ የት ገባ እትዬ የሺ፣ ቱርሚ ገበያ ወርዶ ይሆን? መሣሪያ አይዋሽም ጓዶች፣ ሴት ናት የምትዋሸው። ሰዉ ሳቀ። ጂንካ ሙሉ የሚፈራው የየሺሀረግ ምላስ የዚያን ቀን የት ሄደ፣ ሦስት ሳምንት መልሱን ስትፈልግ ከረመች፣ ውሃ ስትቀዳ ታገኘዋለች፣ ቤት ስትገባ ይጠፋታል።

አሁን ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ የመሥሪያ ቤቱን ግቢ ፀሐይ ሞልቶታል፣ ከማዶ አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ከብት ይግጣል፣ ምን አለበት ከብት፣ ማን ፈርም ይለዋል። ጓድ ወርቅነህ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል፣ ጓድ የሺሀረግ፣ ተገቢው ማጣራት ይደረግ ዘንድ የተሰጠሽ የመጨረሻ ዕድል ነው፣ ካልሆነ ጉዳዩ ለፖሊስ ይተላለፋል። ይተላለፋል ይላል፣ የምትተላለፈው እሷ ናት እንጂ ጉዳዩ መች እግር አለው። የመጋዘኑ ቁልፍ ደምሰው ቀበቶ ላይ ይንቃጨላል፣ አሥራ አንድ ዓመት እሷ ወገብ ላይ የኖረ ቁልፍ፣ ሆን ብሎ ነው የሚያንቃጭለው። የጸሎት ጓደኛዋ አይናለም እንኳ ትናንት መንገድ ላይ አይታት እጸልይልሻለሁ አለች፣ ለሌባ በሚጸለይበት ድምፅ።

እንጨት በላንድሮቨሩ ነዳጅ መሙያ ሰደደች፣ አወጣች፣ እስከ አንገቱ ርሷል። ታንኩ ሙሉ ነው፣ ጌጁ ሩብ ላይ ቆሟል፣ እዩት! ደምሰው ምን ገዶት፣ ሰርቃ ሰርቃ ስትፈራ መልሳ ሞላችው፣ የጌጁንም ገመድ ነክታዋለች አለ። ጓድ ወርቅነህ ራሱን ነቀነቀ። ይነቀንቃል።

እሺ፣ ገመዱን ነው ያልከው? የሾፌሩን ወንበር አነሳች፣ ከሥሩ የታንኩ ክዳን አለ፣ ከክዳኑ ወደ ጌጁ የሚሄድ አንድ ቀጭን ሽቦ። ይህን ማን አስተማራት፣ ማንም፣ ፊደል እንኳ በሠላሳ ዓመቷ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የለቀመች ሴት ናት፣ ይኼኛውን ሽፋኑ ከተገነጠለ የሾፌሮች ማሠልጠኛ ጥራዝ አነበበችው፣ አራት ጊዜ፣ እየተሳደበች። ሾፌሩ ኤርሳዶ በዚያኛው በር አንገቱን አስገብቶ ጌጁን ያያል፣ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል፣ ቁልፍ አዙር ኤርሳዶ፣ ሽቦውን ነቀለችው፣ ምን አለ? ወረደ እትዬ፣ ባዶ ሆነ። ታቃጥይናለሽ ይላል ደምሰው ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ሽሽ አለችው፣ የሽቦውን ጫፍ ራቅ አድርጋ ከመኪናው ብረት ጋር አነካካች፣ አሁንስ? ሞላ! እትዬ ሞላ፣ እስከ ጥግ ሄደ! ኤርሳዶ የራሱ ልጅ የተወለደ መሰለው። ገመዱ ደህና። ጌጁ ደህና። እንግዲህ በሽታው ታንኩ ውስጥ ነው፣ ቤንዚን ላይ ተንሳፍፋ ከፍ ዝቅ የምትል አንዲት የነሐስ እንክብል አለች፣ ውስጧ ባዶ መሆን ያለበት።

ባትሪው ይነቀል፣ ክዳኑ ይፈታ፣ አንድ ቡሎን፣ ሁለት፣ እንክብሏ ባዶ ብትሆንስ፣ ደህና ብትሆንስ፣ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ምን ለብሳ ትሄዳለች፣ አምስት፣ ስድስት፣ ወጣች። ከበደች። እንክብሏን ጆሮዋ አጠገብ ወዘወዘቻት፣ ቦጭ ቦጭ፣ ቤንዚን ሆዷን ሞልቶታል፣ እንዴት ትንሳፈፍ፣ ሰጥማለች፣ የያዛት ክንድ ስለተጣመመ ታች አርፋም ጌጁን ሩብ ታስብላለች። ጎኗ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ ቢጫ፣ ልስልስ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ። ሸተተችው። ሰም።

ሰኔ ላይ አይታው ነበር። ደምሰው አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ሰም በአውራ ጣቱ ሲያሽ፣ ምን እየሠራህ ነው ደምሰው፣ ቅል እየደፈንኩ ነዋ እትዬ፣ ሃሃ፣ ማታውኑ ጌጁ ተጠግኗል ብሎ ፈረመ። እዚህ አገር የተሰነጠቀ የማር ቅል በሰም ይደፈናል፣ የአሪ ሰው ሁሉ ይደፍናል፣ እሷም ትደፍናለች፣ ግን ማር ነው ያለበት ቅሉ ውስጥ፣ ቤንዚን አይደለም፣ ቀሚሷ ላይ ሻማ የተንጠባጠበባት ሴት ሁሉ ሰም በምን እንደሚለቅ ታውቃለች፣ ቤንዚን በነካ ጨርቅ። ሴት። የምትዋሸዋ።

ጓድ ወርቅነህ ሰሙን በጣቱ ነካው፣ አሸተተው፣ ጓድ ደምሰው ይህ ምንድን ነው? ደምሰው እንክብሏን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ እንግዲህ፣ አለ፣ መሣሪያው ነዋ የዋሸው፣ እኔ ምን ላድርግ። ማንም አልሳቀም። ሦስት ሳምንት የጠፋው መልስ ደርሶ ምላሷ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ሳይቸኩል፣ ሳይጮህ፣ እጇን ዘረጋች፦ መሣሪያው አልዋሸም ደምሰው፣ ያስዋሸኸው አንተ ነህ፣ ቁልፌን አምጣ።