አራት ክፍል ብቻ የሚቀበለው ዲስክ

መነጽር ሰሪው ለታላቅ እህቱ የደወለላት ሱቁን በማይከፍትበት ቀን ረፋድ ላይ ነበር።

"እትዬ፣ እስቲ ብቅ በይልኝ። ይሄ ኮምፒውተር ሊገድለኝ ነው።"

"ምን ሆነና?"

"ቦታ የለም ይለኛል። ቦታው ደግሞ ቁጭ ብሎ ይታየኛል!"

እህትየው ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ቤት ሽቦ ስትቀጥልና ስትፈታ ኖራ ጡረታ ከወጣች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። እዚያ መሥሪያ ቤት በስሟ የሚጠራት አልነበረም። አዲስ ሠራተኛ መቁረጫ ይዞ ወደ ሽቦ በተጠጋ ቁጥር ከኋላው ቆማ "ቀስ በሉ፣ በዚያኛው ጫፍ ማን እንዳለ ሳታውቁ አትቁረጡ" ስለምትል ስሟ "ቀስ በሉ" ሆኖ ቀረ። ቅጽል ስሙ ጡረታም አብሯት ወጣ፤ ባሏ እንኳ ሲናደድ "ወይዘሮ ቀስ በሉ" ነው የሚላት። ማዞሪያው ከሽቦ ወደ ኮምፒውተር ሲለወጥ እኩዮቿ መውጫቸውን ሲቆጥሩ እሷ በሃምሳ ዓመቷ መመሪያውን ታቅፋ ከአንድ እስከ መጨረሻው ተማረችው። ይህን ወንድሟ ያውቃል። ቢያውቅም ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሱቁ ስትመጣ ወንበር አቅርቦ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ አስይዞ እንደ እንግዳ ነበር የሚያስቀምጣት።

ስትደርስ የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ሱቅ ይባል እንጂ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ካቆመ ጥሩ ነው። ግራና ቀኙ ፍሬም ተደርድሮበታል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሌንስ የሚቆርጠው ማሽን አለ፤ በመሃል ያለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ፊት አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ቁጭ ብሏል። ማዶ ካለው ሕንፃ ሥር የሚሠራው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው።

"ጤና ይስጥልኝ እማማ" አለ ጠጋኙ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

"ጤና ይስጥልኝ። ተቀመጥ የኔ ልጅ፣ ሥራህን አትተው። ችግሩ ምንድን ነው?"

ወንድምየው ቀድሞ መለሰ። ከመንገዱ ባሻገር ያለው የዓይን ክሊኒክ የመነጽር ትእዛዝ በወረቀት መላክ ትቶ በአዲስ ፕሮግራም መላክ ጀምሯል። ያ ፕሮግራም የሱቁ አሮጌ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ ሊኑክስ የሚባለው ሌላ ስርዓት ያስፈልገዋል። ሌንስ መቁረጫው ደግሞ የሚታዘዘው ከዚያው ከአሮጌው ዊንዶውስ ብቻ ነው። ሌላ ኮምፒውተር እንዳይጨምር ጠረጴዛዋ አንድ ናት፣ ሁለተኛ ጠረጴዛ ቢያስገባ እሱ ራሱ ውጪ መቆም ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ዲስክ ላይ ለማድረግ ወሰነ፤ ጠዋት በሊኑክስ ትእዛዝ ሊቀበል፣ ከሰዓት በዊንዶውስ ሊቆርጥ። ከክሊኒኩ በተሰጠው መመሪያ መሠረት ፋይሎቹን ከሚያስቀምጥበት "ዲ" ከሚባለው ክፍል ላይ መቶ ጊጋ ቀንሶ ባዶ አደረገ። እስከዚህ ደህና ነበር። ሊኑክሱን ከፍላሽ ሊጭን ሲል ግን ባዶው ቦታ "ሊያገለግል የማይችል" ተብሎ ወጣ።

"ሌላ የሚሰጠኝ ምርጫ አንድ ብቻ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዲስኩን በሙሉ አጥፍተህ ጫን።"

ይህን ሲል ፊቱ ልውጥ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ላፍጥነው ብሎ የተጠራቀሙትን የፍሬም ቅርጾች በሙሉ አጥፍቶበት፣ ሁለት ወር እያንዳንዱን ፍሬም ማሽን ላይ እያስቀመጠ እንደገና አስለክቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ "አጥፋ" የሚል ቃል ካየ ማውሱን ለቆ ይነሣል።

እህትየው መነጽሯን አድርጋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ዲስኩ እንደ ረጅም ዱላ ተስሎ በአራት ተከፍሏል። የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ የሚነሣበት ትንሽዬ ክፍል ነው። ሁለተኛው ራሱ ዊንዶውስ። ሦስተኛው የፍሬም ቅርጾች ያሉበት "ዲ"፣ ከጎኑ አሁን የተለቀቀው ባዶ ቦታ። መጨረሻ ላይ አሥራ ሁለት ጊጋ የምትሆን፣ ስምም ፊደልም የሌላት ክፍል አለች።

"አራት" አለች እህትየው።

"አዎ እማማ፣ አራት" አለ ጠጋኙ፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ የገባው ያን ጊዜ መሰለ። "አከፋፈሉ የድሮ ዓይነት ነው። ከአራት ክፍል፣ ፓርቲሽን ከምንለው፣ በላይ አይቀበልም። ባዶ ቦታ ቢኖርም አምስተኛ በር የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው። ይቺን የመጨረሻዋን እናጥፋት። ፋብሪካው ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጣት ናት፣ ማንም አይጠቀምባትም። አንድ በር ይለቀቅልናል።"

ማውሱን ክፍሏ ላይ አድርጎ ቀኙን ተጫነ። "አጥፋ" የሚለው ቃል ወጣ።

"ቀስ በል" አለች እህትየው።

"እማማ፣ ይሄንን በቀን ሦስቴ ነው የማደርገው።"

"አትችልም አላልሁም። ውስጧን አይተሃታል?"

"አይ… ፊደል የላትም፣ አትከፈትም እኮ።"

"እንግዲህ ስላልተከፈተችልህ ባዶ ናት ማለት ነው?"

ወንድምየው ሳቀ። ጠጋኙም ሳቅ አለ፤ ቢሆንም ጣቱን ከማውሱ ላይ አነሣ። እህትየው ዊንዶውሱን በደንብ እንዲዘጋው አደረገችና ሊኑክሱን ሳይጭኑ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ላይ አስነሡት። በዚያ በኩል ሲታዩ አራቱም ክፍሎች ይከፈታሉ። ስም የሌላትን ነካ አደረገቻት።

ውስጧ አንድ ማህደር ብቻ ነበር። ርእሱ ከመጋረጃው ጀርባ ባለው ማሽን ጎን የተለጠፈው ቁጥር ነው። በውስጡ የቁጥር ዝርዝር የያዙ ፋይሎች አሉ፤ የመጨረሻው የተጻፈው ባለፈው ዓርብ ነው።

ወንድምየው ቁጥሮቹን ሲያይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ይሄማ የማሽኑ ማረሚያ ነው! ሌንስ የሚሞርደው ድንጋይ ምን ያህል እንደተበላ እየመዘገበ ሌንሱን የሚያስተካክልበት። ማሽኑን የተከለልኝ ሰውዬ 'ማንም እንዳይነካው ደብቄልሃለሁ' ሲለኝ የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።"

"ፊደል ባይኖራትም ፕሮግራሙ በጓሮ በር ይገባል ማለት ነው" አለች እህትየው።

ጠጋኙ ማህደሩን ዘጋው። "እትዬ" አለ፤ እማማ ማለቱን እዚያው ተወው። "ስንት ሰው ላይ ሳላይ እንደሰረዝሁ እያሰብሁ ነው።"

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ አንተ ግን ጠምጥመህም ልትማር ትችላለህ፣ ገና ልጅ ነህ። አሁን እንሥራ። 'ዲ'ን ነው የምናፈርሰው።"

ወንድምየው ከተቀመጠበት ተነሣ። "የቱን? ቅርጾቼን?"

"ቅርጾችህን ገልብጠን፣ ቆጥረን፣ ከፍተን ካየን በኋላ። 'ዲ' ከአራቱ በሮች አንዱን ብቻውን ይዟል። ያንን በር ወደ ኮሪደር እንቀይረዋለን። ኮሪደሩ ከውጭ አንድ በር ነው፣ ውስጡ ግን የፈለግነውን ያህል ክፍል ይይዛል። 'ዲ'ንም መልሰን እዚያ እናስገባታለን፣ ሊኑክሱንም ከጎኗ።"

"ልክ ናት" አለ ጠጋኙ። "ኤክስቴንድድ የሚባለው ነው። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ማጥፋት ሲቀል ረሳሁት እንጂ።"

ጠጋኙ ማዶ ወደ ራሱ ሱቅ ሄዶ ውጫዊ ዲስክ ይዞ መጣ። ቅርጾቹን ሲገለብጡ አርባ ደቂቃ ፈጀ። እህትየው በዚህ አላበቃችም፤ ከዚህ ወገን ያለው የፋይል ብዛትና ከዚያ ወገን ያለው እኩል መሆኑን አየች፤ ወንድሟን "አንተ የምታውቃቸውን አሥር ፍሬሞች ጥራልኝ" ብላ አሥሩንም ከተገለበጠው ላይ ከፍታ አሳየችው። ስም የሌላትን ክፍልም ለማንኛውም ብላ ገለበጠቻት።

"በቃ፣ አሁን አጥፋ" አለችው ጠጋኙን።

"እርስዎ ያጥፉት" አለ።

"አንተ ነህ በቀን ሦስቴ የምታደርገው።"

ጠጋኙ እየሳቀ "ዲ"ን አጠፋ። ወንድምየው ፊቱን ወደ ፍሬሞቹ አዙሮ ቆመ። በሦስተኛውና በባዶው ቦታ ላይ አንድ ሰፊ ክፍል ተሠራ፤ በውስጡ አዲስ "ዲ" ተቆርሶ ቅርጾቹ ተመለሱ፤ የቀረው ለሊኑክስ ሆነ። ሊኑክሱ ሲጫን እህትየው "አጥፍተህ ጫን" የሚለውን ምርጫ አልፋ፣ ቦታውን በእጅ የሚያስመርጠውን ከፈተች። ቅድም "ሊያገለግል የማይችል" የተባለው መቶ ጊጋ አሁን ምንም ሳያጉረመርም እሺ አለ።

ተጭኖ አለቀ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሣ፤ ቀጥ ብሎ ሊኑክስ ውስጥ ገባ። ምርጫ የለ፣ ዝርዝር የለ።

"ዊንዶውሴስ?" አለ ወንድምየው። "የት ገባ?"

ድጋሚ አስነሡት። ያው ነው። ወንድምየው ላብ አጠመቀው፤ ጠጋኙም ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። እህትየው ግን የዲስኩን ሥዕል ከፈተችና በጣቷ አሳየቻቸው።

"ይኸው ቦታው ላይ አለ። ይኸው ፋይሎቹ፤ ይኸው ያንተ የልደት ፎቶ፣ ምን ዓይነት ኮፍያ ነው ያደረግኸው? ዊንዶውስ አልጠፋም፣ ስም ዝርዝር ላይ አልተጻፈም እንጂ። ስልክ ማውጫ ላይ ያልወጣ ሰው ሞቷል እንዴ?"

ጠጋኙ ስልኩን አውጥቶ ፈለገና አገኘው። ይህ ሊኑክስ ሌሎች ስርዓቶችን እንዳይፈልግ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ አንድ መስመር ተለውጦ ዝርዝሩ እንደገና እንዲሠራ ማዘዝ ብቻ ይበቃዋል። እህትየው መስመሩን ለወጠች፣ ጠጋኙ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያነበበ አረጋገጠላት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሁለት ስም ከላይና ከታች ተጽፎ መጣ።

"እሰይ!" አለ ወንድምየው፣ ሊያቅፋት እጁን ዘርግቶ።

"ቆይ፣ ገና ነን" አለችው። እውነቷን ነበር። ዊንዶውስ ገብተው የማሽኑን ፕሮግራም ሲከፍቱት "ቅርጾቹ አልተገኙም" አለ። ይሄንን ግን ወንድምየው ራሱ አየው፤ አዲሷ "ዲ" ስትወለድ ዊንዶውስ "ኤፍ" ብሎ ሰይሟታል። ፊደሏን ወደ "ዲ" ሲመልሱላት ቅርጾቹ ተግተልትለው መጡ።

ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ማሽኑን አስነሡት። ወንድምየው ጥግ ላይ የተረፈች ሌንስ አስገባ። ማሽኑ ውሃውን እየረጨ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ሌንሷን አውጥቶ ፍሬም ላይ ገጠማት፤ ጠቅ ብላ ገባች። ወደ መብራቱ አንሥቶ ዳርዳሯን ረጅም ጊዜ አየ።

"ፀጉር አያስገባም" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ የላከው የመጀመሪያ ትእዛዝ ሊኑክሱ ላይ መጣ፤ የአንዲት አስተማሪ መነጽር ነበር። ከሰዓት በኋላ ወንድምየው ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ አስነሥቶ ቆረጠላት። ሴትየዋ አድርጋው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች "የዛፉ ቅጠል ለየብቻ ነው እንዴ?" አለች።

እህትየውም እዚያው ነበረች። መጥረጊያ ጨርቅ የሰጣት ግን አልነበረም። ወንድሟ ወንበሩን ለቆላት እሱ ቆሞ፣ "እትዬ፣ ይሄ የክሊኒኩ ፕሮግራም ደግሞ ሁለት ትእዛዝ ባንዴ ቢመጣ ምን ያደርጋል?" እያለ ይጠይቃታል።

"እንየዋ" ትለዋለች።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ጠጋኙ ነው፤ በሁለት እጁ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ታቅፎ በጠባቡ በር በጎኑ ለመግባት ይታገላል።

"እትዬ፣ የደንበኛ ነው" አለ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "ኮሪደር ያለው ነው፤ አምስት ፓርቲሽን አለው፣ ሁለቱ ስም የላቸውም። አልነካሁም።"

"ጎሽ" አለች፣ መነጽሯን እያደረገች። "ወንድሜ፣ ያንን ፍሬም አንሣና ቦታ ስጠው።"