ጃንጥላውን ስንት ሰው ያዘው?

ጠዋት ሻይ ጣድሁ፣ ዳቦ ቆረጥሁ፣ የአማቴን የደም ግፊት ክኒን ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። አማቴ ክኒኑን በጥርጣሬ አዩት፤ ቀጥለው እኔን በዚያው ዓይን አዩኝ።

«ይሄ የትናንቱ አይደለም?»

«የትናንቱንማ ትናንት ዋጡት፣ እማማ።»

«እሱን የምትይው አንቺ ነሽ» አሉና ዋጡት።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ እኔና እናቱ አብረን ቀርተናል። እሳቸው ወደ ሴት ልጃቸው ልሂድ አላሉም፤ እኔም ይሂዱ አላልሁም። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «እሷን ለማን ጥዬ?» ይላሉ። እኔም ስጠየቅ ያንኑ እመልሳለሁ። ከዚህ የበለጠ አላወራንበትም።

ውጭ ያካፋ ነበር። ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ጥቁር ጃንጥላ አነሳሁ። አንዱ ሽቦው ስለተሰበረ በዚያ በኩል ይዘነብላል። ከባለቤቴ ጋር ስንሄድበት የተሰበረው ወገን ምንጊዜም ከእኔ ትከሻ በላይ ይሆን ነበር። እሱ አጋጣሚ ነው ይል ነበር።

ቢሮአችን ከአንድ የምንጣፍ መደብር በላይ ነው። ሊፍቱ ሲፈልግ ይሠራል። እኛ የምንሠራው አንድ የስክሪፕት ቋንቋ መንከባከብ ነው፤ ሰው ከሰው የሚነጋገርበትን ቋንቋ ሳይሆን፣ ሰው ለኮምፒውተር አጫጭር ትእዛዝ የሚጽፍበትን። ዝነኛ ቋንቋ አይደለም። ደህና ሲሠራ ማንም አያውቀንም፤ ሲበላሽ ስልክ ቁጥራችን የማይጠፋው ሰው ብዛቱ ይገርማል።

ቋንቋው እንዳይበላሽ የሚጠብቁ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉን፤ ቴስት እንላቸዋለን። የድሮዎቹ ለፍላፊዎች ናቸው። «እሺ አንድ»፣ «እሺ ሁለት» እያሉ ስክሪኑን ይሞሉታል፤ ቁጥሩም በእጅ የተጻፈ ነው። መሃል ላይ አዲስ ቴስት ለመሰካት ከሥሩ ያሉትን በሙሉ እንደገና መቁጠር ስለሚያስፈልግ ማንም መሃል ላይ አይሰካም፤ ሁሉም ጫፉ ላይ ከምሮ ይሄዳል። የአንዳንዱ ፋይል መጨረሻ ለእንግዳ የማይከፈት ጓዳ ይመስላል። አዲሶቹ ጨዋዎች ናቸው። እያንዳንዱ ስም አለው፣ ለብቻው ይሮጣል፣ ካልወደቀ ትንፍሽ አይልም።

የድሮዎቹን በአዲስ እንተካ ያለው ወጣቱ አለቃችን ነው። መጥረጊያው እንለዋለን። ያውቃል፤ ደስም የሚለው ይመስለኛል። ገብቶ ብዙም ሳይቆይ የድሮውን ሁሉ አጽድቶ አንድ ፋይል ብቻ ቀረው፤ የማጣቀሻዎቹ።

ማጣቀሻ ማለት ዕቃው ራሱ አይደለም፤ ዕቃውን የያዘ እጅ እንደ ማለት ነው። አንዱን ዕቃ ብዙ እጅ ሊይዘው ይችላል። የመጨረሻው እጅ ሲለቀው ቋንቋው ዕቃውን ይጥለዋል። ስለዚህ ስንት እጅ እንደያዘው በትክክል መቁጠር ትልቅ ነገር ነው፤ ቆጠራው ከተሳሳተ ሰው የሚፈልገው ነገር ይጣላል፣ ማንም የማይፈልገው ነገር ደግሞ ቤቱን ሞልቶ ይቀመጣል።

ያንን ፋይል የጻፈው ባለቤቴ ነው።

ሁለታችንም እዚሁ ስንሠራ ለቤታችን ሰላም ስንል ሥራውን ተካፍለነው ነበር። ማጣቀሻ የእሱ፣ ጽሑፍና ቁጥር የእኔ፤ አንዱ የሌላውን ፋይል አይከፍትም። ስምምነቱ የተደረገው በጃንጥላው ጠብ ማግስት ነው። ሌላ ሰው በቴስት ውስጥ ያሉትን ነገሮች ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ ይሰይማል። ባለቤቴ ግን የቤታችንን ዕቃ ይዘረግፍ ነበር፤ መጥበሻ፣ የእናቱ መነጽር፣ ጃንጥላ። አንድ ምሽት እራት ላይ ጠየቀኝ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ጃንጥላ ይዘዋል፤ አንዱ ለቀቀ፤ ስንት ያዥ ቀረ?

«አንድ» አልሁ።

«ሁለት» አለ።

«እንዴት ሆኖ?»

«ማሽኑ ሁለት ነው ያለው።»

«ማሽኑ ተሳስቷላ!»

«ማሽኑ እንደ እኔ አላገባሽም፤ ምን ፈርቶ ይዋሻል?»

በዚያ ምሽት መጥበሻው ሳይታጠብ አደረ። በማግስቱ ያንን ፋይል በዓይኔ እንደማላየው ነገርሁት፤ ቃሌንም ጠበቅሁ። እሱ ግን ነገሩን አልተወውም። ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ እንግዳ ፊት ሳይቀር፣ «ሁለት ነው እኮ» ይለኛል። እኔም ባለኝ ቁጥር እቆጣ ነበር።

ያካፋ በነበረበት በዚያ ጠዋት፣ ቢሮ እንደገባሁ፣ መጥረጊያው ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ አዲሱ እትም ነገ ይወጣል» አለኝ። «የማጣቀሻው ፋይል ዛሬ ካልተቀየረ እሰርዘዋለሁ። ይቅርታ።»

«ይቅርታውን ከፊት ብታደርገው ዓረፍተ ነገሩ ያምር ነበር» አለችው ከጎኔ የምትቀመጠው ሰነድ ጸሐፊያችን። የቋንቋውን መመሪያ የምትጽፈው እሷ ናት። የሰው ንግግር መሃል ገብታ ስለምታርም ነጠላ ሰረዝ እንላታለን።

«እርስዎ ካልተመቸዎት እኔ እሠራዋለሁ» አለኝ መጥረጊያው።

«እጅህን እንዳታስገባ» አልሁት። «እሠራዋለሁ።»

ያልነገርሁት ነገር ነበር። ባለቤቴ በራሱ አነጋገር የሚናገርበት የቀረው ቦታ ያ ፋይል ብቻ ነው። ብቀይረው ዝም ይላል፤ ባልቀይረው ይሰረዛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ከማንም ጋር ልማከር አልፈለግሁም። ከፈትሁት።

«እሺ አራት፤ መጥበሻው አለ፣ እንቁላሉን ግን ማን እንደበላው አይታወቅም» ይላል። እኔ «ባዶ ዝርዝር ማጣቀሻ ሊኖረው ይችላል» ብዬ ተካሁት። «እሺ ዘጠኝ፤ የእናቴን መነጽር ሦስት ሰው ይፈልገዋል፤ ግንባሯ ላይ ነው።» ይህንን «ሦስት ማጣቀሻዎች ወደ አንድ ዕቃ ያመለክታሉ» አደረግሁት። እውነቱ ሳይቀነስ ጨዋታው ይቀነሳል። ባለቤቴን በኮሌታው ይዤ ክራቫት የማስረው ያህል ተሰማኝ። በሕይወቱ ክራቫት ያሰረው አንድ ቀን ነው፤ ያኔም ፎቶው ላይ የሚታነቅ ይመስላል።

እስከ ምሳ ድረስ ሁሉንም ቀየርሁና አስሮጥሁት። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ ስክሪን ቀላ። አንድ ቴስት ወድቋል፤ ጃንጥላው። የተጠበቀው ሁለት፣ የተገኘው አንድ።

ቢሮአችን አንድ ደንብ አለው። ቴስት የወደቀበት ሰው ይቆምና ዋናውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች፣ ከነማስታወሻው፣ ጮክ ብሎ ያነባል። መስመር መዝለል ክልክል ነው። ደንቡን ያወጣው ባለቤቴ ነው። ሰው የጻፈውን በጆሮው ሲሰማ ስህተቱ ያሳፍረዋል ይል ነበር። ደንቡ ከወጣ በኋላ ከሁሉ አብልጦ የቆመው እሱ ነው፤ ሲያፍር ግን ያየሁበት ቀን የለም።

ሰዉ ወንበሩን አዞረ። መጥረጊያው ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ጫማውን አየ።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር ግድ የለም» አለ።

«ለእኔ ተብሎ ደንብ አይሻርም» አልሁና መነጽሬን አድርጌ ቆምሁ። ከዚያ ቴስት ሥር ያለውን ማስታወሻ ገና አላነበብሁትም ነበር፤ እጄ እየሮጠ ቁጥሩን ብቻ ነው የገለበጠው።

«ጃንጥላውን እኔ ይዤዋለሁ» ብዬ አነበብሁ። «እሷም ይዛዋለች። ዝናቡ በእሷ በኩል ነው። እኔ ለቀቅሁ። ስንት ያዥ ቀረ?»

አንዱ ከወደ መስኮቱ ሳቁን አፈነ።

«መልስ፤ ሁለት። አንዷ እሷ ናት። ሁለተኛው ቆጣሪው ራሱ ነው። ይሄ ቆጣሪ ተብዬ፣ ዕቃው በስንት ሰው እጅ እንዳለ ለመቁጠር መጀመሪያ ራሱ ካልጨበጠው አይሆንለትም። ሠርግ ቤት እንግዳ ቁጠር ቢሉት ራሱን ከነሳህኑ ቆጥሮ የሚመጣ ነው።»

«አሃ!» አለ መጥረጊያው። «የድሮው ቆጣሪ ነዋ! አዲሱ መሣሪያችን ሳይጨብጥ ስለሚቆጥር ነው አንድ ያለው። ቋንቋው ደህና ነው! አንድ ነው ትክክሉ!»

«አንድ እንደሆነማ አውቃለሁ» አልሁና ልቀመጥ ወንበሬን ሳብሁ።

«አላለቀም» አለች ነጠላ ሰረዝ። ወደ እኔ አላየችም። «ከሥሩ አንድ መስመር አለ።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«መስመር መዝለል ክልክል ነው። አንብቢ፣ እህቴ።»

አነበብሁ። «ሚስቴ አንድ ነው ትላለች። ልክ ናት። እንዳትነግሯት።»

ታች ምንጣፍ ሲያራግፉ ይሰማል። መነጽሬን አወለቅሁና ጠረግሁት፤ ቆሽሾ ነበር።

«ይህንን የሚያውቅ ማን ማን ነው?» አልሁ።

ነጠላ ሰረዝ እጇን አነሳች። የኔትወርኩ ሰውዬ አነሳ። ከወደ መስኮቱ ያሉት አነሱ። በር ላይ ቆማ ትሰማ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛችን እንኳ መወልወያዋን ከፍ አደረገች። በመጨረሻ መጥረጊያው፣ ባለቤቴን በአካል አይቶት የማያውቀው ልጅ፣ እጁን እስከ ጆሮው ድረስ አነሳ።

«አንተ ደግሞ ከየት ሰማህ?»

«ሥራ የጀመርሁ ዕለት ነው የተነገረኝ» አለ። «እንደ መመሪያ ነው የነገሩኝ። የእሳት አደጋ መውጫው በዚህ ነው፣ መጸዳጃው በዚያ ነው፣ ስለ ጃንጥላው ለእትዬ ትንፍሽ እንዳትል። ምክንያቱ ግን አሁን ነው የገባኝ፤ እውነቴን ነው።»

ሳቅሁ። ቢሮ ውስጥ ከሳቅሁ ስለቆየሁ ሳል መስሏቸው ውሃ አቀበሉኝ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት!» አልሁ ውሃውን ይዤ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ልክ በሆንሁበት ነገር ሲያቃጥለኝ!»

«ደስ ይለው ነበር እኮ» አለች ነጠላ ሰረዝ። «ጠዋት ገና ኮቱን ሳያወልቅ "ትናንትም ተቆጣች" ይለናል። አንቺ ያልተቆጣሽ ቀን ሥራ አይወጣለትም ነበር።»

«እና አንዳችሁ እንኳ…»

«አደራ ተብለን ነዋ!»

መጥረጊያው አጠገቤ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ያቺን መስመር እንተዋት» አለኝ። «በአዲሱ ደንብ ማስታወሻ አይፈቀድም፤ ግን አንድ መስመር ናት። ማንን ትጎዳለች?»

«መጥረጊያ ነህ ሙዚየም?» አለችው ነጠላ ሰረዝ፤ ዓይኗን ግን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ነበር።

አሰብሁበት። ማንም አላስቸኮለኝም።

«አይሆንም» አልሁ። «ማስታወሻው ሁለት ነው ይላል። መልሱ አሁን አንድ ነው። ነገ የሚመጣ ሰው ሲያነበው ግራ ይጋባል። ደግሞ ሚስጥሩ ወጥቷል፤ እንዳትነግሯት የሚለው ለማን ነው የሚቀመጠው?»

ተቀመጥሁ። ሁለትን አጥፍቼ አንድ ጻፍሁ። ማስታወሻውን ራሴ ሰረዝሁ፤ ሌላ ሰው እንዲሰርዘው አልፈለግሁም። ለቴስቱ «ከሁለት ያዦች አንዱ ሲለቅ አንድ ይቀራል» የሚል ስም ሰጠሁት። ዕቃውን ግን ሀ ወይም ለ አላልሁትም፤ ጃንጥላ ብዬ ተውሁት። መጥረጊያው ሥራዬን ሲያጣራ እዚያ መስመር ላይ ቆመ። ከዚያ አለፈው። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ።

ቤት ስገባ አማቴ መነጽራቸውን ከሶፋው ትራስ ሥር ይፈልጋሉ።

«ግንባርዎ ላይ ነው፣ እማማ።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ አላወቁም። «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የተፈታው?»

«ልጅዎን ረታሁት።»

«በምን?»

«በጃንጥላው። አንድ ነው መልሱ። ለካስ እሱም ያውቅ ነበር።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ» አሉ መነጽራቸውን እያወረዱ። «እማዬ እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው።»

ጃንጥላውን እንደያዝሁ በሩ ላይ ቀረሁ።

«እርስዎም?»

«ልጄ ሚስጥር ቢነግረኝ ላወጣበት ነው እንዴ?» አሉ። «ደግሞስ የሞተ ሰው ረታሁ ብሎ ሲፎክር ያየሁት አንቺን ነው።»

«በቁሙ አልረታ አለኛ!»

«ይበልሽ» አሉና ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም ለየብቻችን የምንሠራው ነገር ፈለግን። እሳቸው መጋረጃውን ሊዘጉ ሄዱ፤ እኔ ሻዩን ጣድሁ።

ጃንጥላውን ከበሩ ጀርባ ሰቀልሁት። ውሃው ከተሰበረው ወገን ይንጠባጠባል። ቴስቶቹ ሁሉ ያልፋሉ። መልሱም እኔ እንዳልሁት ነው።

ሁለት ነው ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ግን የለም።