አዲሱ ዳታቤዝ ከአሮጌው ጎን

ጎረቤቴ ወሰንየለሽ የማኅበራችንን ሙዝ ገበሬዎች መረጃ በኮምፒውተር ዳታቤዝ የምትይዝ ልጅ ናት። “ዳታቤዛችን የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ፖስትግሬስ፣ አዲስ እትም ለቀቀ! መረጃችንን ወደ አዲሱ ላሻግረው ነው!” ብላ ስትፈነድቅ፣ ልጅ የተወለደ መስሎኝ እልል ልል ነበር።

ሊቀመንበራችን ጉታ ግን ፈራ። “የሚሠራውን አትነካኪ። የአንድ ገበሬ ስም ቢጠፋ ሥራሽን ትለቂያለሽ” አላት።

“እውነቱን ነው፤ ምን አስቸኮለሽ?” አልኳት።

“ጋሼ፣ ከሥሯ የበቀለው ልጇ ሳይጠና እናቲቱን ሙዝ ይቆርጣሉ?”

“ምን በወጣኝ!”

“እኔም አሮጌውን ሳልነካ ነው አዲሱን ከጎኑ የምተክለው።”

መረጃው እየተገለበጠ ሳለ የሰፈራችን የሴቻ መብራት ጠፋ። ጉታ ራሱን ያዘ። መብራቱ ሲመለስ አሮጌውን ከፍታ አሳየችው፤ ሁሉም በቦታው አለ። ሳትደናገጥ ግልበጣውን እንደገና ጀመረች።

አዲሱ ሲከፈት ጉታ መጀመሪያ የፈለገው የገዛ ስሙን ነው።

“እኛስ ገበሬ አይደለንም?” አልኩት።

ሳቀና የምዕራብ ዓባያ ወረዳ ገበሬዎችን ሳይቀር አየ፤ ማንም አልጎደለም።

“በይ፣ በዚሁ ቀጥይ” አላት።